ናስትሮ የተለጠፈባት መብራት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣ ለአቶ መሐሙድ፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ፣ እንቅልፍዎስ? ዝናቡና ብርዱ አልበረታብዎትም? ያ ግራ እጅዎስ እንዴት ሆነልዎ? አሁን መነጽርዎን አውልቀው «ስለ እጄ ማን ነገራት?» እያሉ ወንድሜን ሙስአብን በዓይንዎ እየፈለጉት እንደሆነ ይታየኛል። ይተዉት፣ እሱ አይደለም። እደርስበታለሁ። ሁመድም፣ ነስሪንም፣ እኔም አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እስክሪብቶው አልታዘዘኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው አይበሉኝ። እርስዎን በስልክ ማን ችሎዎት! «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ በይ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለው ስልኩን ለሙስአብ ያቀብሉታል፤ እኔ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ደብዳቤን ግን አያቋርጡትም። የሁመድ ጓደኛ ሰላሁን ነገ እሁድ ማለዳ በአውቶቡስ ስለሚመጣ በእጁ ልኬልዎታለሁ። ብቻዎን ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። መሃል ላይ ቢናደዱብኝም አይጣሉት።

መኪናዬን ያስታውሷታል። አምና ሲመጡ የፊቷን ክዳን አስከፍተው «ሞተሩን ማን ሰረቀሽ?» ብለው አብነትን በሙሉ ያሳቁባትን ነጯን የቻርጅ መኪና ማለቴ ነው። እሷው ናት እንጀራዬ። ከአብነትና ከጠመንጃ ያዥ ሰባት ልጆች ሰብስቤ ትምህርት ቤት አመላልስባታለሁ፤ ከሰባቱ አንዷ የራሴው ነስሪን ናት። ትንሿ ደግሞ ሌንሳ ትባላለች፤ ገና አምስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ልብስ ትሰፋለች። የመኪናዋ ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው፤ አብሯት የመጣው መጽሐፍም ቻይንኛ ነው። ዳሽቦርዷ ላይ ስንት ዓይነት ምልክት እንዳለ ቢያዩ! አንዱም አይገባኝም ነበር። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ቻርጅ ትሞላለች፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገኛል ብዬ አንድ ዓመት ነዳሁ።

አረፋ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ያ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ሜክሲኮ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር መንገዱ ኩሬ ሆኖ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ሲያልፉ አይቼ እኔም ገባሁ። መሃል ላይ ስደርስ ከሥሯ የሆነ ነገር ኳ! አለ። ድንጋይ ይሁን ብረት አላውቅም። ደንገጥ አልኩ፤ ስትሄድልኝ ግን ረሳሁት። ረቡዕ ጠዋት ስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች። ባትሪ የመሰለ ሳጥን ናት፤ አጠገቧ ደግሞ የሙቀት መለኪያ የመሰለች ዘንግ አለች።

ፈራሁ፤ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ እሱን አይንሱኝ። ልጆቹን አድርሼ በቀጥታ ወደ ጋሽ ወንድምአገኝ ጋራዥ ሄድኩ። ከእርስዎ ጋር ሃያ ዓመት ላዳ የነዳና ላዳ የጠገነ ሰው እያለ ወደ ማን እሄዳለሁ? ጎንበስ ብሎ አየና «ቢጫ ነው፤ እንደ ትራፊክ መብራት ነው፤ ተጠንቅቀሽ ሂጂ ነው የሚለው» አለኝ። ትሄዳለች ወይ? ትሄዳለች። ድምፅ አላት ወይ? የላትም። «ታዲያ አባትሽ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለኝ። ሁለታችንም በአንድ አፍ «መኪና የሚናገረው በድምፁ ነው፤ መብራት ወሬኛ ነው!» ብለን ሳቅን። ከዚያ ከኪሱ ጥቁር ናስትሮ አወጣ፣ በጥርሱ ቆረጠና ሰጠኝ። በገዛ እጄ መብራቷ ላይ ለጠፍኩት። ልክ እርስዎ የላዳዎን የዘይት መብራት እንደለጠፉት።

ልጅ ሆኜ ከጎንዎ ስቀመጥ ያቺን ናስትሮ ስንት ጊዜ በጥፍሬ ስፍቃት እጄን መትተውኛል መሰለዎት። «ተያት፣ ሰው የምታስጨንቅ ናት» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኩዎት። እርስዎ ጆሮዎን ወደ ሞተሩ አዘንብለው «ይቺ ሻማዋ ነው፣ ይቺ ካምቢዮዋ ነው» ሲሉ ሐኪም ነበር የሚመስሉኝ። የላዳዋ መጨረሻ ምን እንደነበር ግን አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም። ዘይት አልቆባት ሞተሯ ነክሶ ልደታ ጸበል መውረጃው ላይ ቀጥ ብላ አልቀረችም? ያን ቀን ማን ነበር ወሬኛው?

እናም ስድስት ቀን ናስትሮ ለጥፌ ነዳሁ። ሁመድ አንድ ቀን አይቶ ምንድን ነው ቢለኝ «ብርሃኑ ዓይኔን ስለሚወጋኝ ነው» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው አባባ! ለባሌ ዋሸሁ። በናስትሮው ዳር ቢጫው ጭላንጭል ሲል እያየሁ አላየሁም ብዬ ራዲዮ ከፍ አደርጋለሁ።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰባቱንም ጭኜ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ እየመጣሁ ነበር። ዝናብ ያካፋል። ድንገት ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ኤሊ በራች። እውነት ኤሊ፤ ከነቅርፊቷ። ከፊት የተቀመጠችው ነስሪን አይታ «እማ፣ ኤሊ!» ስትል ከኋላ ያሉት በሙሉ «ኤሊ! ኤሊ!» እያሉ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። ነዳጁን ስረግጥ፣ ነዳጅ ነው የምለው ከልምዴ ነው፣ መኪናዋ አልሰማ አለችኝ። እንደ ሰው እርምጃ መንቀርፈፍ ጀመረች። ከኋላዬ ሚኒባሶቹ ክላክሳቸውን አቀለጡት። ወዲያው ቲጥ ቲጥ ቲጥ የሚል ድምፅ መጣ። ናስትሮውን ላጥኩት። ቢጫ ሳለች የሸፈንኳት መብራት ከሥሩ ቀይ ሆና ቁጭ ብላለች።

ያ አላህ! ያን ቅጽበት እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም። ዳር አስይዤ አቆምኩና በሩን ከፍቼ «ውረዱ! ቦርሳ አታንሱ! ውረዱ!» ብዬ ጮኽኩ። ከመኪናዋ ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ስኳር ያረረ የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከተያያዘ ውሃም በቀላሉ አያጠፋውም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የሰማሁት ሁሉ ያን ሰዓት ተሰልፎ መጣብኝ። ልጆቹን እየጎተትኩ ባንኩ ደረጃ ላይ አስጠጋኋቸው። ቆጠርኳቸው። ስድስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት። ነስሪን «እማ፣ ሌንሳ የለችም» አለችኝ።

ሌንሳ እንቅልፍ ወስዷት ኋላ ወንበር ላይ ከቦርሳዎቹ ሥር ነበረች። ስትመለስ ሁሌም ትተኛለች፤ ይህን የማላውቀው ሆኜ አይደለም። እንዴት ሮጬ እንደደረስኩ፣ ወንበሩን እንዴት እንዳጠፍኩት አላስታውስም። አንድ የትራፊክ ፖሊስ «አንቺ ሴትዮ ተመለሽ!» እያለ ሲከተለኝ በጆሮዬ አለ። እግሯን ይዤ ጎተትኳት፤ ጫማዋ እጄ ላይ ቀረ። ሁለተኛ ጎትቼ አወጣኋት። ነቅታ «ቤት ደረስን?» አለችኝ። ወላሂ አባባ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ ሲዞር ይቺ ድምፅ ትመጣብኛለች።

መኪናዋ አልተቃጠለችም። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ግፊትዎ እንዳይነሳ። ቀስ በቀስ እንፋሎቱ ቆመ። ጎትተው ጂራታ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ባለሙያ ጋ ወሰዱልኝ። ጂራታ ትሑት ልጅ ነው፣ ወፍራም የጎማ ጓንት አጥልቆ ነው የሚሠራው። ሥሯን አሳየኝ። ያ ሰኞ ውሃው ውስጥ ኳ ያለው ነገር ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ የሚያመጣውን ቱቦ ሰንጥቆት ኖሯል። ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ ስድስት ቀን ሲያልቅ፣ ባትሪው ቀን በቀን ሲግል፣ መብራቷ ስድስት ቀን ሙሉ ስትነግረኝ ነበር። «ናስትሮውን ማን ለጠፈው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አልተቆጣኝም። «አንድ ሁለት ቀን ብትጨምሪ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀምጦኝ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስጻፈኝ። ይወዱታልና ለእርስዎም ልጻፍልዎ። ቀይ ከሆነ ምንም ይሁን ምን ጥግ ይዘሽ ቁሚ፣ ሰው አውርጂ። ቢጫ ከሆነ ዛሬውኑ አስመርምሪ፤ ነገ አይባልም። አረንጓዴና ሰማያዊ ሥራ ላይ ነኝ ማለታቸው ነው፣ አትደንግጪ። ኤሊዋ የመጣችው መኪናዋ ራሷን ለማዳን ጉልበቷን ስትቆጥብ ነው። ለብቻዋ የምትበራው ቀይ ባትሪ ደግሞ የትልቁ ሳትሆን መብራቱንና በሩን የምታሠራው የትንሿ ባትሪ ናት። ብርቱካንማ ሽቦ ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ፣ ሰው ይገድላል። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። «የድሮው መኪና ሲታመም ያንኳኳል፣ ያጨሳል፣ ያቃስታል፤ ይህ ድምፅ የለውም። ሲታመምም ዝም ነው። ያለው አፍ ይህ መብራት ብቻ ነው፤ እሱን ከሸፈንሽው በምን ይንገርሽ?» አለኝ።

ለሁመድ ያንኑ ዕለት እያለቀስኩ ነገርኩት። ለሌንሳ እናት መንገር ግን ሞት ነበር። ልጅሽን ስድስት ቀን ሙሉ እያወቅኩ አደጋ ላይ አስቀምጬ ነዳሁ ብሎ ለእናት መናገር እንዴት ያለ ነገር ነው! ሳትሰድበኝ፣ ሳትጮህ፣ የሌንሳን ጫማ ከእጄ ተቀብላ በሩን ዘጋች። አሁን ጠዋት ጠዋት ልጅቷን በእግር ይዛት በደጃችን ታልፋለች። ሌንሳ እጇን ታውለበልብልኛለች፤ እናቷ ዞር አትልም። አልፈርድባትም። የሌሎቹ ወላጆች መኪናዋ ተጠግና ስትወጣ እንመለሳለን ብለውኛል፤ እኔ ግን መሪ መያዝ መቼ እንደምደፍር አላውቅም። ጂራታ ለሙከራ ንጂያት ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ነው የሚውለው።

ይህን ፍርሃት ይዤ ተቀምጬ ነው ሐሙስ ቀን አማል የደወለችልኝ። አይቆጧት አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ምራትዎ ሆና እንደ ልጅዎ ባትሳሳልዎ አትደውልም ነበር። ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ፣ ሲተጣጠቡ፣ እንደወደቁ፣ ግራ እጅዎ አንድ ሰዓት ያህል አልታዘዝ እንዳለዎት፣ ምላስዎም እንደተሳሰረ ነገረችኝ። ሲሻልዎት የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል «ለዘሀራ የነገረ የለም» የሚል እንደነበር ነገረችኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለክታ ግፊትዎ መቶ ዘጠና ገብቷል እንዳለችዎ፣ ኪኒኑን ግን «ምንም አይሰማኝም» ብለው መስኮት ላይ ካስቀመጡት አራት ወር እንዳለፈው፣ እሱንም ነገረችኝ። ያ ባንክ ደረጃ ላይ ልጅ ቆጥሬ አንድ የጎደለብኝ ስሜት እንደገና መጣብኝ።

ወዲያው ደወልኩልዎ። ምን አሉኝ? «ወሬ ነው፣ ተንሸራትቼ ነው።» ሙስአብን ሐኪም ቤት ውሰደው ስለው «እምቢ አለኝ፣ አንቺ ተናገሪው፣ የሚሰማው አንቺን ነው» አለኝ። አይሰሙኝም እንጂ! ነስሪን «ምንም አይሰማኝም» ብላ ትኩሳቷን ስትደብቅብኝ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው የገሰጿት ማን ነበር? አባባ፣ ግፊት ድምፅ የለውም። ላዳ አይደለም፤ አያንኳኳም፣ አያጨስም። ነርሷ የጻፈችልዎ ቁጥር ነው መብራቱ፤ እርስዎ ያንን መስኮት ላይ አስቀምጠው ጆሮዎን ያዘነብላሉ። የወደቁ ዕለትማ ቀይ በራ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ እኔ አይቼዋለሁ፣ አልደግመውም።

ጂራታ ሳይቆጣኝ እንደነገረኝ እኔም ሳልቆጣ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ። ፈርቻለሁ አባባ። ጠዋት ስልክ ሲጮኽ ከኮምቦልቻ ነው ብዬ ለማንሳት እፈራለሁ። እናቴን ያጣናት ድንገት ነው፣ አንድም የነገረን ነገር አልነበረም። እርስዎን ግን እየነገረን ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ይህን ተረት መቀበል አልፈልግም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ነው የምፈልገው።

ስለዚህ እንዲህ ነው የወሰንኩት። ሰላሁን ይህን ደብዳቤ ሰጥቶዎት አይሄድም። አንብበው ሲጨርሱ ደሴ ሆስፒታል ይዞዎት ይሄዳል፤ ሙስአብም አብሯችሁ ይሄዳል። ሳያስመረምርዎ እንዳይመለስ በሁመድ ፊት አስምዬዋለሁ፣ ልጁም መሐላ አያፈርስም። እኔ ነስሪን ፈተናዋን ረቡዕ ስትጨርስ ሐሙስ ማለዳ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ለእኔ ደህና ነኝ ብለው እንዳያስደውሉልኝ፤ ይህን ቃል ከእንግዲህ አልቀበልዎትም። ሐኪሙ የጻፈውን ቁጥር ይንገሩኝ። ትልቅም ቢሆን ይንገሩኝ።

ለአማል ሰላም ይበሉልኝ፤ እንደ እህቴ ነው የማያት፣ ዕድሜዋን ያርዝመው። ለሙስአብ ሰላም ይበሉልኝ፤ ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት በዓይኑ እያየ እንዲያስውጥዎ አደራ ብዬዋለሁ። ትንሿ ልጃቸው ነጅማ ጥርሷ ወለቀ አሉኝ፤ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለመስጊድ ጓደኛዎ ለጋሽ አብዱልሃኪም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ውዱእ ሲያደርጉ አጠገብዎ ይቁሙልኝ ይበሉልኝ። ሁመድ እጅ ነስቷል። ጋሽ ወንድምአገኝ ናፍቄዋለሁ በይው ብሏል፤ እሱም ከማክሰኞ ወዲህ ናስትሮ ኪሱ አይዝም። ነስሪን «አባባ ሳይታመሙ ጠብቁኝ» ብላለች፤ እንዳለችው ጻፍኩት።

ፖስታውን ሲያራግፉ አንዲት ጥቁር ናስትሮ ትወድቃለች፤ ከመኪናዬ የላጥኳት ናት። ከእርስዎ የወሰድኳት ስለሆነች መልሼልዎታለሁ። ሙጫዋ ገና አልደረቀም፤ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ምንም ላይ አይለጥፏት።

የሚፈራልዎ ልጅዎ
ዘሀራ መሐሙድ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.